ሳንድፎርድ ፍሌሚንግ፤ አገሮችን በሰዓትና በገመድ ያስተሳሰረ መሐንዲስ

የማኅበራችን የዓመት መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ በአገሮች መካከል ስለሚኖር ወዳጅነትና የጋራ ዓላማ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ የዲፕሎማቶች እንጂ የመሐንዲስ አይደለም ብዬ ለማመካኘት ቃጥቶኝ ነበር። ስለ ሕዝቦች ወንድማማችነት በየአዳራሹ የሚደረገው ንግግር ብዙ ነው፤ የንግግሩን ድምፅ ከአገር ወደ አገር የሚያደርሰውን መስመር የዘረጋው ባለሙያ ግን ስሙ ከመድረክ ሲጠራ አይሰማም። ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ትዝ አለኝ።

በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰዎች በተራሮች መካከል በተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ዙሪያ ተሰብስበው ይታያሉ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ መዶሻ ይዟል። ከኋላው ረጅም ባርኔጣ የደፋ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ በግርማው ከሁሉም ጎልቶ የሚታይ ሰው ቆሟል። ይህ ሰው ሳንድፎርድ ፍሌሚንግ ነው። ፎቶግራፉ የተነሣው ኖቬምበር 7 ቀን 1885 በካናዳ ምዕራባዊ ተራሮች ውስጥ ክሬጌላኪ በተባለ ስፍራ፣ የካናዳ ፓሲፊክ የባቡር ሐዲድ የመጨረሻው ችንካር በተመታበት ዕለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ዛሬ ኮመንዌልዝ እየተባለ የሚጠራው የአገሮች ቤተሰብ 56 አባላት አሉት። አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ1949 በለንደን በወጣው መግለጫ መሆኑን የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል። ይሁን እንጂ ከመግለጫው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የዚህ ቤተሰብ ጥቂት አባላት ወጪውን ተካፍለው፣ ኪሣራውንም ትርፉንም በየድርሻቸው ሊቀበሉ ተዋውለው፣ በስማቸው አንድ የጋራ ንብረት አቁመው ነበር። ንብረቱ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወለል ላይ የተዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ ነው። ከሃያ ዓመታት በላይ ያለ ደመወዝ ደጅ እየጠና ያንን ሥራ ለፍጻሜ ያበቃው ፍሌሚንግ ነበርና፣ ስለ ወዳጅነት ለመጻፍ የእርሱን ሕይወት መረጥኩ።

ፍሌሚንግ የተወለደው ጃንዋሪ 7 ቀን 1827 በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ በምትገኘው በኪርኮዲ ከተማ ነው። ገና በልጅነቱ ጆን ሳንግ ከተባለ መሐንዲስና ቀያሽ ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተማረ፤ በዚያ ዘመን ምሕንድስና አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት ሳይሆን፣ እንደ አንጥረኛ ልጅ ከባለሙያው እግር ሥር ተቀምጠው የሚቀስሙት ጥበብ ነበር። በ1845፣ በ18 ዓመቱ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከዴቪድ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ ካናዳ ገባ። በአዲሱ አገር ግን ሥራ እንዳሰበው አልቀናውም። ፒተርቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ካርታ እየሠራና እያሳተመ ቆየ። የቀያሽነት ፈቃዱን ያገኘው በ1849 ነው። ለዚሁ ጉዳይ ወደ ሞንትሪያል በሄደበት ወቅት ከተማይቱ በሁከት ትታመስ ነበርና፣ ኤፕሪል 25 ቀን ሌሊት የምክር ቤቱ ሕንፃ በእሳት ሲጋይ ከሌሎች ጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ የንግሥት ቪክቶሪያን ትልቅ ሥዕል ከነበልባሉ አወጣ።

በዚያው ዓመት ፍሌሚንግና ባልደረቦቹ በቶሮንቶ የቀያሾች፣ የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች ማኅበር መሠረቱ። የካናዳ ኢንስቲትዩት ተብሎ የታወቀው ይህ ማኅበር ነው። የማኅበር ሰው የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነገር በእነርሱም ላይ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ሰሞን ሙቀት በረደ፣ የአባላቱም ቁጥር ከስብሰባ ስብሰባ እየተመናመነ ሄደ። በ1850 በፌብሩዋሪ ወር በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ የተገኙት ፍሌሚንግና ፓስሞር የተባለ ቀያሽ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም በሩን ዘግተው ወደየቤታቸው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። ነገር ግን አንደኛው የሰብሳቢውን ወንበር ያዘ፣ ሁለተኛው ሐሳብ አቀረበ፣ ተወያዩ፣ የማኅበሩንም ሥራ የሚያስቀጥል ውሳኔ አሳለፉ። ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም ተብሎ ሊነቀፉ ይችላሉ፤ እኔ ግን በየጠቅላላ ጉባኤያችን ባዶ ወንበሮችን ስቆጥር እነዚያን ሁለት ሰዎች ሳላስታውስ አልቀርም። ማኅበሩ በዚያ ሌሊት ቢፈርስ ኖሮ፣ ፍሌሚንግ ከ29 ዓመት በኋላ ዓለምን ያነጋገረ ጽሑፉን የሚያቀርብበት መድረክ አያገኝም ነበር።

በ1851 ካናዳ የራሷን ቴምብር ስታወጣ ንድፉን የሠራው ይኸው የ24 ዓመት ቀያሽ ነው። በወቅቱ በቴምብር ላይ የሚታተመው በአብዛኛው የነገሥታት ምስል ሲሆን፣ ፍሌሚንግ ግን ባለ ሦስት ፔንሱን ቴምብር ቢቨር በተባለው ግድብ ሠሪ እንስሳ ምስል አስጌጠው። ንግሥቲቱን ከእሳት ያዳነ ሰው በቴምብሩ ላይ ግን ግንበኛውን እንስሳ አስቀመጠ። መሐንዲስ ቢመርጥ ከዚህ የተሻለ ምን ይመርጣል?

ከዚህ በኋላ ያለው ዕድሜው ግማሽ በባቡር ሐዲድ ላይ ያለፈ ነው። በ1867 አራት ክፍላተ ሀገር ተዋሕደው የካናዳን ፌዴሬሽን ሲመሠርቱ፣ በአትላንቲክ ጠረፍ ያሉት ከማዕከላዊው ክፍል ጋር በሐዲድ እንዲገናኙ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ግዴታ ተጽፎ ነበር። ሕገ መንግሥት የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ሲያዝ መሐንዲሱ ምን ዓይነት ሸክም እንደሚወድቅበት የሙያ ባልደረቦቼ አይስቱትም። ፍሌሚንግ ኢንተርኮሎኒያል የተባለውን የዚህን መስመር ሥራ በዋና መሐንዲስነት ሲመራ ከቦርዱ አባላት ጋር በድልድዮች ጉዳይ ብርቱ ክርክር ገጠመ። እነርሱ ዋጋው ስለሚቀንስ ድልድዮቹ በእንጨት ይሠሩ አሉ። እርሱ እንጨት በእሳትና በብስባሽ እንደሚጠፋ፣ ጥገናውም ሲታሰብ ርካሹ ውድ እንደሚሆን በቁጥር አስረድቶ ብረት ይሁን አለ። ለዓመታት ተከራከረ፤ ጉዳዩንም እስከ መንግሥት አድርሶ ረታ። መስመሩ በ1876 ተከፈተ።

በ1871 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በምዕራብ በኩል ወደ ፌዴሬሽኑ ስትገባ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ሐዲድ እንዲደርስላት ቃል ተገብቶላት ነበር። የቅየሳው ኃላፊነት አሁንም በፍሌሚንግ ላይ ወደቀ። በ1872 ከሃሊፋክስ ተነሥቶ በባቡር፣ በጀልባ፣ በፈረስና በእግር አህጉሩን አቋርጦ እስከ ፓሲፊክ ጠረፍ ተጓዘ። ከእርሱ ጋር ጆርጅ ግራንት የተባለ ቄስ ነበረና የጉዞውን ታሪክ በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ አሳተመው። የመሐንዲሱና የቄሱ ወዳጅነት ከዚያ ጉዞ በኋላ እስከ ሞት ዘለቀ። ግራንት በኪንግስተን የሚገኘው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ በሆነ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1880፣ አንድም ቀን በዩኒቨርሲቲ ተማሪነት ያልተቀመጠው ፍሌሚንግ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆኖ ተመረጠ፤ በዚህም ክብር 35 ዓመት ቆየ።

ስለ ሐዲዱ ሲነገር ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። ከላይ የጠቀስኩት ፎቶግራፍ ላይ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ገደላማ ሸለቆዎች ውስጥ ድንጋይ ሲፈነቅሉ በፍንዳታና በበሽታ ያለቁት የቻይና ሠራተኞች አይታዩም። ሐዲዱ በተፈጸመበት በዚያው በ1885 የካናዳ መንግሥት በቻይናውያን ገቢዎች ላይ የነፍስ ወከፍ ግብር ጣለባቸው። ሐዲዱ ያቋረጠው መሬት የቆየ ባለቤት የነበሩት የአገሬው ተወላጆችም በሥነ ሥርዓቱ ላይ ስፍራ አልነበራቸውም። ፍሌሚንግ ራሱም በ1880 ወጪው በዛ፣ ሥራው ዘገየ ተብሎ ከዋና መሐንዲስነቱ እንዲነሣ ተደርጎ ነበር፤ በፎቶግራፉ ላይ የቆመው ሐዲዱን በተረከበው ኩባንያ የቦርድ አባልነቱ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጉዳይ እንለፍ። በ1876 ፍሌሚንግ አየርላንድ ውስጥ ባንዶራን በተባለ አነስተኛ ጣቢያ ከሰዓት በኋላ ባቡር ሊሳፈር ደረሰ። የታተመው የጉዞ ሰሌዳ ባቡሩ ከቀትር በኋላ በ5 ሰዓት ከ35 ደቂቃ (በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ከ35) ይደርሳል ይላል። ነገሩ የኅትመት ስሕተት ነበር፤ ባቡሩ የሚመጣው ንጋት ላይ ነው። የአንድ አህጉር የባቡር ሐዲድ የሚቀይሰው ሰው በሁለት ፊደላት ስሕተት ምክንያት ሌሊቱን በጣቢያው አሳለፈ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን የጣቢያውን ኃላፊ ተቆጥተን እንረሳዋለን። እርሱ ግን ቀንን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ መጥራት ስለ ምን አስፈለገ? ከአንድ እስከ 24 ቢቆጠርስ? ከዚያም አልፎ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ቀትር የራሱን ሰዓት መያዙ እስከ መቼ ነው? እያለ ማሰላሰል ጀመረ።

የቴክኒኩ ጉዳይ ቀላል ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ 15 ዲግሪ የአንድ ሰዓት፣ አንድ ዲግሪ የ4 ደቂቃ ልዩነት ይሆናል። ፍሌሚንግ ለመላው ዓለም የሚሆን አንድ የጋራ ሰዓትና፣ ለየአካባቢው ኑሮ ደግሞ ሙሉ ሰዓት እየተለያዩ የሚሄዱ 24 ክልሎች እንዲኖሩ በ1879 በዚያው ሁለት ሰው ባዳነው በካናዳ ኢንስቲትዩት ጉባኤ ላይ አቀረበ። የካናዳው ጠቅላይ ገዥ ጽሑፉን ለየመንግሥታቱና ለየሳይንስ ማኅበራቱ እንዲደርስ አደረገ። የብሪታንያ ዋና የከዋክብት ተመራማሪ የነበረው ጆርጅ ኤይሪ ግን ሐሳቡን አጣጣለው። በስኮትላንድ ያለው አቻው ፒያዚ ስሚዝ ደግሞ የዓለም መነሻ መስመር በግብጹ ታላቅ ፒራሚድ ላይ ማለፍ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

ሐቁን ለመናገር የሰዓት ክልልን ሐሳብ የጠነሰሰው ፍሌሚንግ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ጣሊያናዊው ፊሎፓንቲ በ1858፣ አሜሪካዊው ዳውድ ደግሞ ከፍሌሚንግ አስቀድሞ ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበዋል፤ በ1883 የሰሜን አሜሪካን ባቡሮች በአንድ ቀን ወደ አዲሱ ሰዓት ያዛወረው ደግሞ አለን የተባለው የባቡር ኩባንያዎች ጸሐፊ ነበር። የፍሌሚንግ ድርሻ ነገሩን ከባቡር ጣቢያ አውጥቶ የአገሮች ሁሉ ጉዳይ ማድረጉ ነው።

በኦክቶበር 1884 የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው የመነሻውን ኬንትሮስ መረጡ። ከአፍሪካ አህጉር የተወከለችው ላይቤሪያ ብቻ ነበረች። ፍሌሚንግ በብሪታንያ ልዑካን ውስጥ ካናዳን ወክሎ ተቀምጧል። ከዓለም የንግድ መርከቦች ከመቶ 65፣ በጭነት መጠን ሲሰላ ከመቶ 72 የሚሆኑት በግሪኒች ኬንትሮስ እንደሚጓዙ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አቀረበ። ቁጥሩ ለግሪኒች የሚያደላ ቢሆንም፣ የእርሱ ሐሳብ ግን መነሻው ከግሪኒች በስተ ጀርባ፣ በ180ኛው ዲግሪ፣ በማንም ዋና ከተማ ላይ ሳያልፍ በውቅያኖስ መካከል እንዲሆን ነበር። እንዲህ ከሆነ የመርከበኞች ካርታ ሳይለወጥ የማንም አገር ክብር አይነካም ብሎ ያምን ነበር። ከራሱ ልዑካን ቡድን እንኳ የሚደግፈው አጣ። በመጨረሻ ግሪኒች በ22 ድምፅ፣ በ1 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ ተመረጠ፤ ድምፅ ከመስጠት ከታቀቡት አንዷ ፈረንሳይ ነበረች። ፍሌሚንግ የተናቀበትን ሐሳብ ትቶ ከብዙኃኑ ጋር ድምፁን ሰጠ።

በዚያ ጉባኤ ላይ የቱርክ መልእክተኛ ያነሣው ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአገሩ ሁለት ዓይነት ሰዓት እንደሚሠራበት፣ ሕዝቡ ቀኑን የሚቆጥረው ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ መሆኑን ለጉባኤው አስረዳ። እኛም ሰዓታችንን ከንጋት እንቆጥራለን። በአንድ ወቅት ውጭ አገር ካሉ መሐንዲሶች ጋር በኢንተርኔት ለመወያየት ቀጠሮ ስይዝ በቸልታ 3 ሰዓት ብዬ ጽፌ፣ እኔ ጠዋት ስጠብቃቸው እነርሱ ከሰዓት በኋላ ሲጠብቁኝ ውለናል። የፍሌሚንግ ሥርዓት ግን በእኛም ሰዓት ውስጥ ተሸሽጎ አለ። አዲስ አበባ ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ ወደ 39 ዲግሪ በሚጠጋ ኬንትሮስ ላይ ስላለች በፀሐይ ስሌት የምትቀድመው 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሰዓታችን ግን 45ኛውን ዲግሪ ተከትሎ ሙሉ 3 ሰዓት ይቀድማል። ንጋትን አንድ ብለን ከመቁጠር አልተላቀቅንም፤ ከዓለምም አልተለየንም።

ሆኖም ከሰዓቱም ከሐዲዱም ይልቅ የፍሌሚንግን ሰውነት የሚያሳየው የፓሲፊክ ገመድ ነው። ሐዲዱ ፓሲፊክ ጠረፍ ላይ ሲደርስ ሌሎች ሰዎች የመንገዱን መጨረሻ አዩ፤ እርሱ ግን ከባሕሩ ማዶ አውስትራሊያንና ኒው ዚላንድን ተመለከተ። በዚያን ጊዜ ከኦታዋ ወደ ሲድኒ የሚላክ ቴሌግራም አትላንቲክን ተሻግሮ፣ አውሮፓን፣ ሕንድንና የደቡብ ምሥራቅ እስያን ደሴቶች አልፎ፣ ከዚያም የአውስትራሊያን በረሃ አቋርጦ ነበር የሚደርሰው። መስመሩ በአብዛኛው በግል ኩባንያዎች እጅ ስለነበረና ተወዳዳሪ ስላልነበረው፣ በ1880ዎቹ ዓመታት ለአንድ ቃል የሚከፈለው ከ9 ሺሊንግ በላይ ነበር። በዚህ ዋጋ ነጋዴና መንግሥት እንጂ እናትና ልጅ አይነጋገሩም።

ፍሌሚንግ ሐሳቡን መጻፍ የጀመረው በ1879 ነው። በ1887 በለንደን በተደረገው የቅኝ ግዛቶች ጉባኤ ላይ አቀረበው፤ በ1893 እስከ አውስትራሊያ ሄዶ ቀሰቀሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኦታዋ ሌላ ጉባኤ ሲደረግ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ሆነ። ተቃዋሚዎቹ ቀላል አልነበሩም። ባለ ገመዶቹ ኩባንያዎች በለንደን ብዙ ወዳጅ ነበራቸው፤ የብሪታንያ ፖስታ መሥሪያ ቤትና ግምጃ ቤትም ጉዳዩን በጥርጣሬ ያዩት ነበር። የቴክኒክ ጥያቄም ነበረ። ከካናዳ ጠረፍ እስከ መጀመሪያዋ የብሪታንያ ደሴት እስከ ፋኒንግ ድረስ ያለው ርቀት ወደ 3,500 የባሕር ማይል ስለሚጠጋ፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ እንዲህ ያለ ርዝመት በአንድ ገመድ ተሸፍኖ አያውቅም። የባሕር ገመድ ሲረዝም የምልክቱ ፍጥነት የሚቀንሰው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ካሬ መሆኑን ባልደረቦቼ ያስታውሳሉ። መድኃኒቱ መዳቡንና መከለያውን ማወፈር ነው፤ ይህም በመጨረሻ ለአንድ የባሕር ማይል 600 ፓውንድ መዳብና 340 ፓውንድ ጉታ ፐርቻ የተባለ የዛፍ ሙጫ ጠየቀ።

ርቀቱን ለማሳጠር ሲል ፍሌሚንግ አንድ የማይመሰገንበት ሥራ ሠርቷል። በ1894 በሃዋይ አቅራቢያ ያለችውን ኔከር የተባለች ሰው አልባ ደሴት ለብሪታንያ ለመያዝ፣ የመንግሥት ፈቃድ ሳይጠብቅ አንድ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል መኮንን ላከ። የሃዋይ መንግሥት ወሬውን ሰምቶ መርከብ አስቀድሞ ባንዲራውን ተከለና ነገሩ ከሸፈ። ለመሐንዲስ ደሴቷ የገመድ ማረፊያ ነጥብ ብቻ ሆና ታየችው። በካርታ ላይ መስመር የምናሰምር ሰዎች በዚህ ልንፈርድበት የምንችል አይመስለኝም፤ ስሕተቱ ግን ስሕተት ነው።

ጉዳዩ የተቋጨው ትንንሾቹ ትልቋን በማነሣሣታቸው ነው። ካናዳና የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ከኒው ዚላንድ ጋር ተመካክረው እኛ ይህን ያህል እንከፍላለን ብለው አስቀድመው ቃል ሲገቡ ለንደን ወደ ኋላ ማለት አልቻለችም። ድርሻው በ18 ተከፈለ፤ ብሪታንያ 5፣ ካናዳ 5፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያ፣ ኩዊንስላንድና ኒው ዚላንድ እያንዳንዳቸው 2 እጅ ያዙ። በ1901 በወጣው ሕግ መሠረት እስከ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ተፈቀደ፤ የባለ ድርሻዎቹ ተወካዮች ያሉበትም ቦርድ ተቋቋመ። ቅኝ ግዛትና ገዢ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በባለ ንብረትነት ተቀምጠው ሒሳብ የተመረመሩበት እንዲህ ያለ ድርጅት ከዚያ በፊት ብዙም አይታወቅም።

ለዚሁ ሥራ ኮሎኒያ የተባለች መርከብ ተሠራች። ገመዱ በቫንኩቨር ደሴት ላይ ካለችው ከባምፊልድ ተነሥቶ በፋኒንግ፣ በፊጂዋ ሱቫና በኖርፎክ ደሴት አልፎ፣ ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አውስትራሊያ ሌላው ወደ ኒው ዚላንድ ሄደ። ኦክቶበር 31 ቀን 1902 የመጨረሻው ጫፍ ተገናኘ። በዚያ ቀን ፍሌሚንግ ከኦታዋ ሁለት ቴሌግራሞች አስላከ፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ዓለምን ዞረው ተመልሰው ኦታዋ ገቡ። ዕድሜው 75 ነበር። የሠላሳ ዓመት ወዳጁ ግራንት ግን በዚያው ዓመት በሜይ ወር ስላረፈ ይህን ቀን አላየም። አዲሱ መስመር ሲከፈት ከካናዳ በኩል ወደ አውስትራሊያ የአንድ ቃል ዋጋ 3 ሺሊንግ ሆነ።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስላልተቀመጡትም ማሰብ ይገባል። ገመዱ በፊጂ ያርፋል፤ የፊጂ ሰዎች ግን ድርሻም ድምፅም አልነበራቸውም። ያን ጊዜ ቤተሰብ ሲባል ከብሪታንያ ደሴቶች የፈለሱት ሰዎች የሰፈሩባቸው አገሮች ማለት ነበር፤ ሕንድና የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም። ፍሌሚንግ ከዘመኑ በዚህ ረገድ አልቀደመም። ዛሬ ግን ገመዱ ያረፈባቸው ስፍራዎች ሁሉ በኮመንዌልዝ አባላት ግዛት ውስጥ ናቸው፤ ፊጂ በ1970 ነፃ ወጣች፤ ታቡዋይራን ተብላ የምትጠራው የቀድሞዋ ፋኒንግ በ1979 ነፃ የወጣችው የኪሪባቲ አካል ናት። ከዚያም ወዲህ ሞዛምቢክ፣ ሩዋንዳ፣ ጋቦንና ቶጎ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሳይሆኑ በፈቃዳቸው ገብተዋል።

በሴፕቴምበር 1914 አንድ የጀርመን የጦር መርከብ ፋኒንግ ላይ ደርሶ ገመዱን ቆረጠው፤ ሠራተኞቹ ጫፉን ከባሕር አጥምደው ቀጠሉት። በዲሴምበር 1963 ደግሞ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ እንደገና ወጪ ተካፍለው፣ 80 የስልክ መስመሮች የሚያስተናግድ ኮምፓክ የተባለ አዲስ ገመድ በዚያው ባሕር ዘርግተው አስመረቁ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሥርተው ነበር። በዚያን ጊዜ ከአንዱ የአፍሪካ አገር ወደ ጎረቤቱ የሚደረግ የስልክ ጥሪ ብዙውን ጊዜ በለንደን ወይም በፓሪስ በኩል ዞሮ ይገባ ነበር። ፓናፍቴል የተባለው የመላው አፍሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን መረብ የታቀደው ይህንን ለማስቀረት ነው። የመሪዎቹን ፎቶግራፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያንን መረብ ለመዘርጋት በየተራራው የማይክሮዌቭ ማማ የተከሉትን የሙያ አባቶቻችንን ፎቶግራፍ ግን አይቼ አላውቅም።

ፍሌሚንግ ጁላይ 22 ቀን 1915 በሃሊፋክስ በልጁ ቤት አረፈ፤ የተቀበረው በኦታዋ ነው። ከመሞቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሃሊፋክስ የነበረውን የባሕር ዳር መሬት ለከተማይቱ ሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን ሰጥቶ ነበር። በ1912 በዚያ መናፈሻ ውስጥ አንድ የድንጋይ ማማ ተመረቀ፤ በውስጡም ከልዩ ልዩ የካናዳ ክፍላተ ሀገርና ከኮመንዌልዝ አገሮች የተላኩ የመታሰቢያ ጽላቶች በግድግዳው ላይ ተቀምጠዋል። በባምፊልድ የነበረው የገመድ ጣቢያ እስከ 1959 ሠርቶ ተዘጋ። ከ1972 ጀምሮ በስፍራው የባሕር ሳይንስ ማዕከል ቆሞበታል፤ ማዕከሉን የመሠረቱት አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ የያዙትም በጋራ ነው።